አንድ ለአሥራ ሁለት

(ለሥነ ሕንፃና ለሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር፣ ትንሽ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ የገባሁት በኩሽና በኩል ነው። የጋበዙኝ ልጆች በጣም አፍረው ነበር። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ አልኳቸው። ሽንኩርት የሚከትፉ እናት ወንበራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ። በነገራችን ላይ ምሳችሁ ምስር ነው።

የኩሽናው በር ግን አስገረመኝ። ደረጃ የለውም። ከደጁ እስከ ውስጥ ድረስ ረጅም፣ ቀስ እያለ ከፍ የሚል መወጣጫ አለው። ማንም ሳይገፋኝ ወጣሁት። ይሄ ለምን ተሠራ ብዬ ጠየቅሁ። የለስላሳ መጠጥ ሳጥን በጋሪ የሚገባበት ነው አሉኝ። በዋናው በር ደግሞ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ አለ። ሰማያዊ የዊልቼር ምልክት ተለጥፎበታል። በእሱ መውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ለእኔ የታሰበውን ትቼ፣ ለሳጥን በታሰበው ገባሁ።

የዛሬው ወሬዬ ይኼው ነው። ለሳጥን ስንሠራ እንዴት ትክክል ይመጣል? ለሰው ስንሠራ ለምን ይበላሻል?

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዊልቼር ላይ ከተቀመጥኩ 12 ዓመት ሆነኝ፤ የመኪና አደጋ ነው፤ ታሪኩ ረጅም ስለሆነ እንዝለለው። ከአደጋው በፊት በቀን ስንት ደረጃ እንደምወጣ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር። አሁን የምሠራበት አካባቢ ያለውን ደረጃ በሙሉ በቁጥር አውቀዋለሁ። ፋርማሲው ሁለት። ባንኩ አራት። ማክያቶ የምወድበት ካፌ አንድ፣ ግን 22 ሴንቲ የሆነ ክፉ አንድ።

ከዊልቼሬ ጀርባ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ሁለት ዕቃ አይጠፋም። አንደኛው ሜትር ነው። ሁለተኛው ይኼ ነው። ውሃ ልክ። ግንበኛ የሚይዘው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ። ሰው ሲያየኝ ሥራ ፈላጊ ግንበኛ እመስለዋለሁ። አንዴ "እጅህ ላይ ሥራ አለ እንዴ?" ያለኝም አለ።

ውሃ ልኩን የያዝኩት ለአንድ ቁጥር ብዬ ነው። አንድ ለአሥራ ሁለት። እናንተ በክፍል ተምራችሁታል። ለሌሎቻችን ግን ልተርጉመው። 1 ሴንቲ ሽቅብ ለመውጣት 12 ሴንቲ ወደፊት መሄድ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ደረጃ 15 ሴንቲ ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። አራት ደረጃ 60 ሴንቲ ነው፤ ስለዚህ 7 ሜትር ከ20 ራምፕ ይፈልጋል። አዎ፣ ረጅም ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሲሰማው "ያን ያህል?" ይላል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህች "ያን ያህል?" ላይ ነው።

ቦታ የለማ! ከፊት ለፊት መኪና ማቆሚያ አለ። አበባ መትከያ አለ። የባንኩ ማስታወቂያ አለ። ስለዚህ 7 ሜትር ከ20 የነበረው 2 ሜትር ይሆናል። ከደረጃው ጎን ጥግ ላይ ተሸጉጦ፣ በሚያብለጨልጭ ግራናይት ተለብጦ ይሠራል። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ያ አንድ ለሦስት ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ሸርተቴ ይባላል።

ልዩነቱን በኪሎ ላስረዳችሁ። እኔና ዊልቼሬ አንድ ላይ 88 ኪሎ እንመዝናለን። አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ራምፕ ላይ እጄ የሚገፋው 7 ኪሎ ገደማ ነው። ይቻላል። ያቺ ባለ 2 ሜትሯ ላይ ግን 25 ኪሎ ይሆናል። በውሃ ከተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። እሱን በሁለት መዳፍ እየገፋችሁ ሽቅብ ውጡ እንደማለት ነው። ለአፍታ ብትለቁት ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ወደ ፊት አብዝታችሁ ካልተደፋችሁም የፊት ጎማው ይነሳና በጀርባችሁ ትወድቃላችሁ። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ግራናይቱን በሳሙና ታጥበዋለች።

የውሃ ልኩን አሠራር ላሳያችሁ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፣ አፕ አያስፈልግም። ውሃ ልኩን በራምፑ አቅጣጫ ታጋድሙታላችሁ። የላይኛው ጫፍ መሬት ይነካል። የታችኛውን ጫፍ፣ በውሃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል እስክትመጣ ድረስ ከፍ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ከመሬት እስከ ታችኛው ጫፍ በሜትር ትለካላችሁ። 10 ሴንቲ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ እሰየው። ያ የባንኩ ራምፕ ስንት የመጣ ይመስላችኋል? 36 ሴንቲ። የባንኩን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ ያስቀናቸዋል፣ እነሱም ያው ናቸውና።

"ሕግ የለም ወይ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አለ እንጂ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36ን አንብቡት። አጭር ነው። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት ምቹ መንገድ ይኑረው ይላል። ዊልቼር የሚጠቀሙትን ይጠቅሳል። መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትንም ይጠቅሳል። ይቺን ሁለተኛዋን እወዳታለሁ። የእናታችሁ ጉልበት እዚያች ውስጥ አለ። ቀጥሎ ደግሞ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃ፣ በቂ ቁጥር ያለው ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ሆኖ ይሠራ ይላል። በዓመቱ፣ በ2002፣ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አጸደቀች። የዚያ አንቀጽ 9 ሕንፃ፣ መንገድና ትራንስፖርት ተደራሽ ይሁኑ የሚል ነው።

እንግዲህ ሕጉ ሲወጣ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የሥራ ሰው ሆኗል። ራምፑ ግን እዚያው 36 ሴንቲ ላይ ነው።

ሰው ክፉ ሆኖ ነው ብዬ አላምንም። ከፎርማንና ከአርክቴክት ጋር ብዙ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ነገሩ የሚበላሽበትን ቦታ አሳይተውኛል። ፕላኑ ላይ ራምፑ ትክክል ነው። ያለ እሱ ፈቃድ አይገኝማ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን መሬቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል። መንገዱ ተቆርጦ ዝቅ ብሏል፤ ወይም ክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ የምድር ቤቱ ወለል 30 ሴንቲ ከፍ ብሏል። ሦስት የነበረው ደረጃ አምስት ሆኗል። ደረጃ ለመጨመር ትንሽ ቦታ ይበቃል። ራምፑ ግን በእያንዳንዱ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ልረዝም ይላል። ማን ይፈቅድለታል? ስለዚህ ርዝመቱ ባለበት ይቀርና ሽቅቡ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሊያይ የሚመጣው ሰው ወረቀቱን ይዞ "ራምፕ አለ?" ይላል። አለ። ምልክት ያደርግበታል። በዚያች ቅጽ ላይ "ስንት ለስንት ነው?" የሚል ጥያቄ ቢኖር ኖሮ እኔ ዛሬ በኩሽና ባልገባሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው የራሴ ፍልስፍና ነው፣ ካልተስማማችሁ ተዉት። በቋንቋችን ደረጃ ማለት መወጣጫም ነው፣ ማዕረግም ነው። ደረጃውን የጠበቀ ሕንፃ እንላለን። ደረጃው ከፍ ያለ ሰው እንላለን። ባለቤቱ ከመንገድ ሲያዩት ከፍ ብሎ፣ በሰፊ ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ካልሆነ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹም ምክር ቤታቸውን በትልቅ የእምነ በረድ ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጡት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1990 አካል ጉዳተኞች ዊልቼራቸውንና ክራንቻቸውን ከታች ትተው ያንን ደረጃ እየዳሁ ወጡት። ከመካከላቸው ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸው ተፈረመ። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ዛሬ በስልክ "እዚህ እኮ ሁሉም ቦታ ራምፕ አለ" ሲለኝ፣ ተድሆ የመጣ ነው እለዋለሁ።

ወደ እኛ ልመለስ። ስለ ሰው ደግነት ማውራት አለብኝ፤ ካላወራሁ ውሸታም እሆናለሁ። በዚህ አገር ደረጃ ሥር ቆሜ አምስት ደቂቃ ብቻዬን አልቀረሁም። ጥበቃው ይመጣል። ሊስትሮው ይመጣል። ከታክሲ ወርዶ የሚሮጥም አለ። "ያዝ፣ አንተ በዚያ ያዝ!" ተባብለው ከነዊልቼሬ ብድግ ያደርጉኛል። እግዜር ይስጣቸው። ግን እስቲ አስቡት፤ ብር ለማውጣት በሄድኩ ቁጥር እንደ ሶፋ በአራት ሰው ልሸከም? አንዱ እግሬን፣ አንዱ ጎማውን ይዞ፣ ጎማው ደግሞ እጁ ላይ ተነቅሎ ሲቀር? ደርሶብኛል።

አንድ ቀን ደግሞ የሚሸከሙኝን ሰዎች ስጠብቅ አንዲት እናት ጭኔ ላይ 5 ብር ጣል አድርገው "ይማርህ ልጄ" ብለው አለፉ። የመጣሁት ደመወዜን ላወጣ ነው። ጠርቼ ልመልስላቸው አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳየው አልቻልኩም። ተቀበልኩ።

ውጭ ያለው ኤቲኤምስ? ቁመቱ ለቆመ ሰው ነው። ከታች ሆኜ ሳየው ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዴንም የሚስጥር ቁጥሬንም ለጥበቃው እሰጣለሁ። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ሒሳቤ ስንት እንደሆነ ከባለቤቴ ቀድሞ ያውቃል።

መጸዳጃ ቤት ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ሰው ስለማያወራው ነው። የእኔ ዊልቼር ከጎማ እስከ ጎማ 66 ሴንቲ ነው። በየሕንፃው ያለው የመጸዳጃ በር ብዙ ጊዜ 70 ሴንቲ ነው። በእያንዳንዱ ጎን የሚቀርልኝ ከ2 ሴንቲ አይበልጥም። እዩት፤ የእጄ አንጓ ላይ ያለው ጠባሳ የበር ነው። እንደምንም ከገባሁ በኋላ ደግሞ በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ አይዘጋም። እኔ ወይ በሩ፣ አንዳችን ውጭ መቅረት አለብን። ለመዞር 1 ሜትር ከ50 ክብ ቦታ እፈልጋለሁ። በሩ 90 ሴንቲ ሆኖ ወደ ውጭ ቢከፈት፣ ግድግዳው ላይ ጠንካራ የብረት መያዣ ቢኖር፣ በቃ። የመያዣው ዋጋ ከመስታወቱ ያንሳል።

ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ በትክክል የተሠራ አጋጥሞኝ ያውቃል። ያውም ሰፊ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? አንዲት ሠራተኛ ጋ። እሷስ? የዓመት ፈቃድ ላይ። በኋላ ሲከፈት መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የተሰበረ ወንበርና የገና ዛፍ ወጣ። እኔን የመሰለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ከቤት ሲወጣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጣም። ሐኪም ብዙ ውሃ ጠጣ ይለዋል። እሱ ግን የሚሄድበትን ሕንፃ አስቦ አይጠጣም። የኩላሊት ጉዳይ እንደ ሥነ ሕንፃ ጉዳይ አይታያችሁ ይሆናል። በሩ ላይ ያቺ 20 ሴንቲ ስትቀነስ ግን የምትቀነሰው ከዚያ ነው።

ስለ መንገድ መልካም ወሬ አለኝ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ሰፊ ናቸው። በሌላው ጉዳይ የየራሳችን አስተያየት አለን፤ የጎማ ሰው ሆኜ ስናገር ግን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ከመኪና ጋር ሳልጋፋ፣ ከአስፋልቱ ላይ ሳልወርድ የሄድኩባትን የመጀመሪያዋን ቀን አልረሳትም። ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና እየሄደች ታወራኛለች። ከጎኔ! ከአደጋው በኋላ መንገድ ላይ ሁሌ ከኋላዬ ነበረች፤ ወይ እየገፋችኝ፣ ወይ መኪና እየጠበቀችልኝ። እጄን ይዛ መሄድ እንደሚቻል ሁለታችንም ረስተነው ነበር። በርግጥ እጄን ስትይዘው ዊልቼሩ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ግን ነገሩ ይቀየራል። ኮብልስቶን ይጀምራል። ኮብልስቶን ለጭቃ መድኃኒት ነው፣ አልክድም። እኔ ላይ ግን ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ያርገፈግፈኛል፤ እግሬም በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል አለ። ከዚያ የእግረኛው መንገድ መሐል ላይ የተተከለ የመብራት እንጨት። ከዚያ አሸዋና ጠጠር የደፋ ጎረቤት። ይሄን ሁሉ እናልፋለን። የማናልፈው የትኛውን እንደሆነ ልንገራችሁ? የእግረኛ መንገዱ ከአስፋልት ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ። ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ግን 3 ሴንቲ ቀርቶታል። ለእናንተ 3 ሴንቲ የጫማ ሶል ነው። የዊልቼሬን የፊት ጎማ እዩት። የስኒ ማስቀመጫ ታህላለች። 3 ሴንቲ ስትመታ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኔ ግን አልቆምም፤ ወደ ፊት እቀጥላለሁ። ቀለበት መንገድ ዳር፣ ሰው በተሞላ ፌርማታ ፊት፣ በግንባሬ ተደፍቼ አውቃለሁ።

የጠርዙን ነገር ሌሎች ከተሞች ቀድመው አይተውታል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1972 አካል ጉዳተኞች ጠይቀው ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ሲሠራ፣ ማን ይጠቀምበታል ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። ከዚያ የልጅ ጋሪ የሚገፉ እናቶች ተጠቀሙበት። ሻንጣ የሚጎትት ተጠቀመበት። ዕቃ አመላላሹም ተጠቀመበት። እዚህም እኮ የኩሽናውን መወጣጫ ያሠራው የለስላሳ ጋሪ ነው።

ስለ ኮንዶሚኒየም ብዙ አልልም፤ አብዛኞቹ ባለ 4 ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። እኔ ለቅሶ አይቀርብኝም። ድንኳን የሚተከለው ታች ነው፤ ድንኳን ደረጃ የለውም። የወዳጄ ልጅ ክርስትና ግን ቤት ውስጥ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ስለዚህ ጓደኞቼን የማገኛቸው ሲያለቅሱ ነው። ሲስቁ በስልክ ነው።

አሁን ፎርማኑን ላምጣላችሁ፤ በሱ እጨርሳለሁ።

ከቢሮዬ አጠገብ አዲስ ሕንፃ ይሠራ ነበር። ራምፑን ሲያፈሱት አየሁ። ከደረቀ በኋላ ፎርማኑን ጠራሁት። "ማስተር፣ ይቺን ራምፕ ማን ይወጣባታል?" አልኩት። "እንዳንተ ያለ ወንድማችን ነዋ!" አለ ደስ ብሎት። "እንግዲያው ሞክራት" ብዬ ከዊልቼሬ ወርጄ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሰውየው ጠንካራ ነው፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ቆቡን አስተካክሎ ተቀመጠና ገፋ። ግማሽ ላይ ደረሰ። ቆመ። እንደገና ሊገፋ ጎማውን ለቀቅ ሲያደርገው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሁለት ልጆች ሮጠው ያዙት። ሳቁ ቆመ። ወርዶ ዊልቼሩን አየው፣ ራምፑን አየው፣ እኔን አየኝ። "ይሄ እኮ ሰው ይገድላል" አለ።

ውሃ ልኩን አሳየሁት። ራሱ ለካው። በሳምንቱ ሳልፍ ኮንክሪቱን በመዶሻ እየሰበሩት ነበር። ባለቤቱ መጥቶ ጮኸ፤ አዲሱ ራምፕ ሁለት መኪና ማቆሚያ ይበላበታል። 3 ሜትር ከ60 ሄዶ፣ መሐል ላይ 1 ሜትር ከ50 ማረፊያ አድርጎ፣ ተጠምዝዞ ሌላ 3 ሜትር ከ60 የሚመለስ ነው የሠሩት። ፎርማኑ ለባለቤቱ የመለሰለትን ቆሜ ሰምቻለሁ። ስለ አዋጅም ስለ መብትም አልነገረውም። "ጌታዬ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። አይወጣም" ብቻ ነው ያለው።

ባለቤቱ ዛሬም ስለ ሁለቱ መኪና ማቆሚያ ያማርራል። እሰማለሁ፤ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ካፌ ገብቼ ማክያቶዬን እየጠጣሁ።

እንግዲህ ውሃ ልኩ ይኸውና። ሜትሩም አለ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡና የዋናውን በር ራምፕ ለኩልኝ። ከዚያ ዞራችሁ የኩሽናውን ለኩ፤ እናትየዋን ግን አስፈቅዱ። እኔ ስገባ ሁለቱንም ለክቻለሁ፤ ቁጥሩን አልነግራችሁም። ዊልቼሬን መሞከር የሚፈልግ ካለም ከዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ፍሬኑ በግራ በኩል ትንሽ ይላላል፣ ተጠንቀቁ። እስክትመለሱ የሌሎቻችሁን ጥያቄ እሰማለሁ።